ጥናትና ተመስጦ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቡድሃን ትምህርት ለጥናቱ ሊጠቀምበት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ በመቀመጥ ይጀምራል። መልካም ጅምር ነው። የሚያሳዝነው ብዙው ሰው እዚያው መቅረቱ ነው፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ልምምዱ ይዘጋል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ልምምዱን ከጥናቱ ሰዓት ውጭ ማስቀመጥ

አንድ ከባድ የሒሳብ ማረጋገጫ እያነበቡ ነው እንበል። ሦስተኛው መስመር «ስለዚህም» ብሎ ይጀምራል፤ ከየት እንደመጣ አልገባዎትም። ዐይንዎ ግን ሳይቆም ወደ አራተኛው መስመር ይሻገራል። ትንፋሽዎ ያጥራል፣ ትከሻዎ ይወጠራል፣ እጅዎ ስልክ ፍለጋ ይዘረጋል። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰከንዶች ነገር ነው፤ ጥናት የሚበላሸውም በእነዚሁ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

የቡድሂዝም መጻሕፍት አእምሮን የሚጋርዱ አምስት መሰናክሎችን ይቆጥራሉ፦ የስሜት ምኞት፣ ጥላቻ፣ ድብታና እንቅልፍ፣ መቅበጥበጥና ጸጸት፣ ጥርጣሬ። ዝርዝሩን በቃል መያዝ ቀላል ነው። የሚጠቅመው ግን ያ እጅ ወደ ስልኩ ሲዘረጋ «ይህ መቅበጥበጥ ነው» ወይም «ይህ ይሳካልኝ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ነው» ብሎ በስሙ ለጠራው ሰው ነው። ራስን መውቀስ አያስፈልግም። አንድ ትንፋሽ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይከታተሉ፤ ከዚያም ወደ አራተኛው መስመር ሳይሆን ወደዚያው «ስለዚህም» ይመለሱ። በእኔ እምነት ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ተመስጦ የለም።

ሐሳብን እንደ ጠላት ማየት

«ተመስጦ ማለት አለማሰብ ነው» የሚለው አባባል የአእምሮ ሠራተኛን ክፉኛ ይጎዳል። ጥንታዊው ትምህርት ጥበብ በሦስት መንገድ እንደሚገኝ ይናገራል፦ በመስማት፣ በማሰላሰልና በተመስጦ። መካከለኛውን ቆርጦ የጣለ ሰው የሚደርስበት የለም። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ በዛሬዋ ሕንድ ቢሃር ግዛት ወደሚገኘው የናላንዳ ገዳም ተጉዞ ሲማር፣ በዚያ ከመንፈሳዊው ትምህርት ጎን ሎጂክና ሰዋስው ይሰጡ ነበር። ጌሉግ በሚባለው የቲቤት ቡድሂዝም ወገን ገዳማትም መነኮሳቱ እስከ ዛሬ በግቢያቸው ይከራከራሉ፦ ጠያቂው ቆሞ እጁን እያጨበጨበ ጥያቄ ያዘንባል፣ መላሹ ተቀምጦ አቋሙን ይከላከላል። ጌሼ የሚለውን የገዳም ትምህርት ማዕረግ ለማግኘት በዚህ ዓይነት ረጅም ዓመታትን ይፈጃሉ። ስለዚህ በጥናት መካከል የሚመጣ ጥሩ ጥያቄ የሚባረር አይደለም። የሚለቀቀው በዚያው ጉዳይ ላይ ያለ ፍሬ የሚሽከረከረው ሐሳብ ነው፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ራሱ ልምምድ ይጠይቃል።

በጉልበት መግፋት

በምቾት ያደገው የቡድሃ ደቀ መዝሙር ሶና ከመነኮሰ በኋላ እግሩ እስኪደማ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ይለማመድ ነበር። ምንም ለውጥ ስላላየ ወደ ቤቱ ሊመለስ አሰበ። ቡድሃም ሶና ከመመንኮሱ በፊት ባለ አውታር መሣሪያ ይጫወት እንደነበር አስታውሶ ጠየቀው፦ አውታሩ ከመጠን በላይ ሲከርር ዜማ ይሰጣልን? ሲላላስ? ሶና ጥረቱን በዚያው መንገድ ቃኘው።

ይህን ታሪክ «ዘና ይበሉ» ማለት ብቻ አድርጎ የሚረዳ ሰው ግማሹን ስቶታል፤ የላላ አውታርም ዜማ የለውም። ቡድሃ ሲያንጎላጅ ላገኘው ደቀ መዝሙሩ ለሞጋላና የሰጠው ምክር ለዚህ ግሩም ማሳያ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ ያመጣበትን ሐሳብ ይተው፤ ካልለቀቀው የተማረውን ያውጣ ያውርድ፤ ከዚያ በቃሉ ይድገመው። አሁንም ካልሆነ ጆሮውን ይሳብ፣ እጅና እግሩን ይሽ፤ ተነስቶ ዐይኑን በውኃ ይታጠብና ከዋክብትን ይመልከት፤ ብርሃንን ያስብ፤ ወዲያ ወዲህ ይራመድ። ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ ሲነቃ ወዲያው ለመነሳት ወስኖ በቀኝ ጎኑ ይተኛ። እንቅልፍ የመጨረሻው መፍትሔ ነው፣ ነገር ግን ከዝርዝሩ አልወጣም። ለፈተና የሚያድር ተማሪ ይህችን የመጨረሻዋን ይሰርዛታል፤ ሰነፉ ደግሞ ከእርሷ ይጀምራል። ሁለቱም መካከል ያለውን አይሞክሩትም።

ዕውቀትን ለማሸነፊያ መያዝ

ቡድሃ ትምህርቱን ሌላውን ለመንቀፍና በክርክር ለመርታት የሚያጠኑትን ይገስጽ ነበር። በራስ አመለካከት ላይ መጣበቅም ከአራቱ መጣበቆች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ይህ መጣበቅ ጎልቶ የሚታየው ረቂቅ ጽሑፍዎ በእርማት ተሞልቶ ሲመለስ ነው። ፊት ይሞቃል፤ መልሱ እርማቱ ተነቦ ሳያልቅ በአፍ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት አይመልሱ። የተቃወመዎትን ሰው ነጥብ እርሱ ራሱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አስተካክለው ይጻፉት፤ መልስዎን ከዚያ በኋላ ያሰናዱ። «ከሐሳቤ ጋር አልጣበቅም» እያሉ ደካማ ሥራን አስረክቦ መሄድ ግን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ እርሱ ቸልተኝነት ነው።

ተመስጦን የውጤት ማሳደጊያ ብቻ ማድረግ

ጆን ካባት ዚን በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ውጥረትን የማቃለያ ሥልጠና ይህን ልምምድ ከገዳም ውጭ ላሉ ብዙ ሰዎች አድርሷል፤ ጥቅሙን አልክድም። ሆኖም ትክክለኛ ማስተዋል በቡድሃ ትምህርት ብቻውን አልቆመም፤ ከትክክለኛ ንግግርና ከትክክለኛ መተዳደሪያ ጋር ቡድሃ ከመከራ መውጫ ብሎ ካስተማረው መንገድ ስምንት ክፍሎች አንዱ ነው። በረጋ መንፈስ የሌላውን ሐሳብ የራስ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ትኩረት አለው፣ መንገዱ ግን የለውም። ስለዚህ ጽሑፍዎን ከማስረከብዎ በፊት ጥቂት ጊዜ ይውሰዱ፦ የጠቀሱትን ዓረፍተ ነገር ከመነሻው መጽሐፍ ጋር ያመሳክሩ፣ ሐሳቡን ያገኙበትን ሰው በስሙ ያንሱ፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትንም እንደ እርግጠኛ አድርገው አይተዉት።