ለአረንጓዴ ሥራ ሽልማት ስትወዳደሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታ አጽድተው መናፈሻ ያደረጉ የሰፈር ወጣቶች አሉ። የተራቆተ ተራራ ከልለው ሣርና ውሃ ያገኙ ገበሬዎች አሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሰጥ ሽልማትም አለ፤ ከወረዳ የምስጋና ወረቀት ጀምሮ እስከ ዓለም አቀፉ ድረስ። ችግሩ፣ ጥሩ የሠራ ሁሉ ሥራውን በደንብ አያስረዳም። ብዙው ፎርም ላይ ይወድቃል። የሚወድቅባቸው ምክንያቶች ደግሞ ይደጋገማሉ።

የማይመለከታችሁን ሽልማት ማሳደድ

መጀመሪያ ሽልማቱ ለማን እንደሚሰጥ አጣሩ። የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ከስድስት የዓለም ክፍሎች ለሚመረጡ ግለሰቦች ነው የሚሰጠው። ጥቆማውም በምስጢር ስለሚካሄድ ራሳችሁን ማስመዝገብ አትችሉም። የፊውቸር ፖሊሲ ሽልማት ደግሞ ለሕግና ለፖሊሲ ነው። ትግራይ ክልል በ2017 እ.ኤ.አ. በረሃማነትን በመከላከል ሥራው ወርቁን የወሰደው ከዚህ ነው።

የማኅበረሰብ ቡድን ከሆናችሁ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያዘጋጀው የኢኳተር ሽልማት ይቀርባችኋል። እሱም ቢሆን ሥራው ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ እንዲሆን ይጠይቃል። አምና የተተከለ ችግኝ ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ቆይታችሁ ተወዳደሩ።

ችግኝ ቆጥሮ ዝም ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቁጥር እንወዳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ዕድሩም ሪፖርቱን የሚጀምረው «ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተክለናል» ብሎ ነው። ዳኛው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ስንቱ ጸደቀ? ከዚያስ ምን ተለወጠ?

ችግኝ የሚፈተነው በተተከለበት ሐምሌ ሳይሆን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በጋው ሊያልቅ ሲል ውጡና ቁጠሩ። ሁሉንም መቁጠር ካልቻላችሁ ከዳገቱም፣ ከሜዳውም፣ ከመንገድ ዳሩም ትንሽ ትንሽ ቦታ ለኩና እዚያ ውስጥ ያለውን መዝግቡ። የደረቀውንም ጻፉ። በነገራችን ላይ፣ እስከ ዛሬ ከነፕላስቲኩ የሚተክል ሰው አለ። እንደዚያ የተተከለ ችግኝ ሥሩ መፈናፈኛ ስለማያገኝ ቆጠራው ላይ ያሳፍራችኋል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ለውጡ ይምጣ። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለችው የገጠር መንደር አብርሃ ወአጽብሃ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማትን አግኝታለች። መሬቷ እጅግ ከመራቆቱ የተነሳ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ይስፈር ተብሎ ነበር። ሰዎቹ ግን አንሄድም አሉ። ዳገቱን ከሰውና ከከብት ንክኪ ከለሉት። ጎርፉን በክትርና በእርከን ያዙት። ውሃው ወደ መሬት ሰረገ፣ ጉድጓዶች ውሃ ያዙ፣ በመስኖ አትክልትና ፍራፍሬ መጣ። ይህን ታሪክ በችግኝ ቁጥር ብቻ ብትነግሩት ግማሹ ይጠፋል። የሚማርከው አንዱ ሥራ ሌላውን እየጎተተ መምጣቱ ነው።

ጭራሽ ችግኝ ሳይተከል የሚሠራ ትልቅ ሥራም አለ። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም ማሳውም ለማረስ ይቀላል። ከብት መግባት ሲያቆም ከትልልቆቹ ዛፎች የወደቀው ዘር የመብቀል ዕድል ያገኛል። «ስንት ተከላችሁ?» ብሎ ብቻ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ሥራ ዜሮ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ሥራ ካላችሁ አትደብቁት። አጥሩ ምን ያህል ርዝመት አለው፣ ውስጡ አሁን ምን እየበቀለ ነው የሚለውን ጻፉ።

አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ

አፋር ያለው ፕሮሶፒስ ድርቅ ይችላል፣ በረሃ ይገታል ተብሎ የገባ ዛፍ ነው። ዛሬ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ወርሮ እሱን ማጥፋት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ባህር ዛፍን አልጠላውም፤ ማገዶም ነው፣ ቤት መሥሪያም ነው፣ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብም ነው። ምንጭ ዳር ደርድራችሁት «ተፈጥሮን መለስን» ካላችሁ ግን ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ ፊቱን ያዞራል። ምን እንደተከላችሁ በስሙ ጻፉ፤ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ግራር። ለምን እሱን እንደመረጣችሁም ጨምሩ። «አገር በቀል ችግኞች» ብሎ ማለፍ ምንም አይነግርም።

መስከረምን ከመጋቢት ጋር ማወዳደር

የ«በፊት» ፎቶ በመጋቢት፣ የ«አሁን» ፎቶ በመስከረም። ይህን የማያደርግ ማኅበር ማግኘት ከባድ ነው። መስከረም ላይ እኮ ደጋው ሁሉ አረንጓዴ ነው! ፎቶውን ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በተመሳሳይ ወር አንሱ፤ ጥርን ከጥር ጋር። ባነር ይዞ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ባለሥልጣን መሐል አድርጎ የሚነሳው ፎቶ ለራሳችሁ አልበም ይሁን።

«ማኅበረሰቡን በማሳተፍ» ብሎ ማለፍ

ይህች ሐረግ ከቢሮ ሪፖርት የመጣች ናት። ማን ወሰነ? ከብቱን ያስወጣው እረኛ በምትኩ ምን አገኘ? ማገዶ የሚለቅሙት ሴቶች አሁን ወዴት ይሄዳሉ? ሕግ የጣሰ ሰው ምን ይከፍላል? መልሱ ፎርሙ ላይ መኖር አለበት።

በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር አስቡ። ሕዝቡ በራሱ ደንብ ቦታውን ከሣር አጨዳና ከግጦሽ ይዘጋው ነበር፤ አንዳንዴም ለ3 እስከ 5 ዓመት። የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት ራሱ የመረጣቸው ሰዎች ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለ ደንብ ካላችሁ፣ በቃል የሚተላለፍም ቢሆን፣ ጽፋችሁ አያይዙት። ሽማግሌዎቹና እናቶቹ በራሳቸው አንደበት የተናገሩትንም ጨምሩበት። አስተካክለን እንጻፍ ብላችሁ ወደ ቢሮ ቋንቋ አትለውጡት።

ውድቀትን መደበቅ

ሁሉም ነገር ተሳካ የሚል ማመልከቻ ያስጠረጥራል። የመጀመሪያው ዓመት ችግኝ ደርቆባችሁ ከሆነ፣ ከዚያም ጉድጓዱን አስፍታችሁ ወይም የተከላውን ጊዜ ቀይራችሁ ከሆነ፣ ይህን ተናገሩ። መማራችሁን የሚያሳየው እሱ ነው።

ገንዘቡን ከድል በኋላ ማሰብ

የኢኳተር ሽልማት ለአሸናፊ 10,000 ዶላር ሰጥቷል። ገንዘቡ ሲመጣ «ሊቀ መንበሩ ወሰደው» የሚል ሐሜት ተነስቶ ማኅበር ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ፎርሙን ከመላካችሁ በፊት ስብሰባ ጥሩ። ሂሳቡ በማኅበሩ ስም ይሁን፤ ፈራሚዎቹም ከአንድ በላይ ይሁኑ። የመሬቱ ይዞታ ወረቀት በማን ስም እንዳለም ያኔውኑ አጣሩ። ገንዘቡ ለአጥር፣ ለጥበቃ ደመወዝ ወይስ ለችግኝ ጣቢያ እንደሚውል ወስኑና ቃለ ጉባኤው ላይ አስፈርሙ።