የሚመሳሰሉ ወፎችን ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ቀለም ማመን ነው። ጅማ አጠገብ ባለው ቦዬ ረግረግ ላይ ፀሐይ ከወፉ በስተጀርባ ከሆነች ሁሉም ጥቁር ነው፣ ቡኒውም አረንጓዴውም። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከዚያም ከቀለሙ በፊት ምንቃሩን፣ ጅራቱንና አበራረሩን እዩ።

ሰው በጣም የሚደናገረው በሁለቱ አይቢሶች ነው። እነዚያ ምንቃራቸው ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ፣ ሳር ላይ ትል ሲለቅሙ የሚውሉት፣ በማለዳ ሰፈር የሚቀሰቅሱት። አንደኛው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለም፣ ጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠልበታል። ሌላኛው ሃዳዳ ነው፤ እሱ አፍሪካ ውስጥ ብዙ አገር አለ። ታዲያ ሥጋው ካልታየ "በቃ ሃዳዳ ነው" ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ልክ አይደለም! የእኛው ወፍ ገና ልጅ ሳለ ያ ሥጋ የለውም። ይልቅ ትንሽ ታገሡና ሲነሳ እዩት፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከላይ ሰፊ ነጭ ከታየ የእኛው ነው። ሃዳዳ ክንፉ ላይ ነጭ የለም፣ ጉንጩ ላይ ግን ነጭ መስመር አለው፣ የላይኛው ምንቃሩም ቀላ ይላል።

ነጭ ያለበትን ቁራ ሁሉ አንድ ማድረግ ደግሞ ሌላው ነው። ነጩ የት ላይ ነው? ማጅራቱ ላይ ብቻ ከሆነና ምንቃሩ መጥረቢያ ካከለ፣ የኛ ደጋ ትልቁ ቁራ ነው። ደረቱም ነጭ ከሆነ ሌላ ዝርያ ነው፣ አነስ ያለው።

ቄራ አካባቢ ከላይ የሚዞረውን ሁሉ "አሞራ" ብሎ ማለፍም አለ። ጅራቱ መሃል ላይ ገባ ካለና ሲበር ወዲያ ወዲህ ካጣመመው ጭልፊት ነው። ግን ጅራቱን ሙሉ ሲዘረጋው ያ ገባ ያለው ይጠፋል፣ ስለዚህ በአንድ እይታ አትፍረዱ። ቢጫ ምንቃሩንም ብቻ አትጠብቁ፣ የወጣቱ ጥቁር ነው። ጥንብ አንሳ ጅራቱ አጭር፣ ክንፉ ሰፊ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፣ አንዱን ዝርያ ሁለት ማድረግ። ሾላ ላይ የሚንጫጩት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ውስጥ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ቀይ የሌላት ሚስቱ ናት እንጂ ሌላ ወፍ አይደለችም።

መጠን በግምት አትናገሩ። አጠገቡ ርግብ ካለች ከእሷ ጋር አስተያዩት። ኢንተርኔት ላይ የሚመስለውን ፎቶ አግኝታችሁ ከመደሰታችሁ በፊትም ወፉ ጅማ አካባቢ ይኖር እንደሆነ አጣሩ፣ ስንቱ የአውሮፓ ወፍ በስህተት እዚህ "ታይቷል" መሰላችሁ! ስልካችሁን ለፎቶ ከማውጣት ይልቅ መጀመሪያ በደንብ እዩት፤ ካሜራው እስኪከፈት እሱ ሄዷል። ድምፁን ግን ከቻላችሁ ቅዱ፣ ቅጠል ውስጥ ሆኖ እንኳ ይሰማል።