መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡ፦ የሚመሳሰሉ የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብሮችን መለየት

በቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች በአንዱ፣ ባለሱቁ ከመሳቢያው ፖስታ አውጥቶ አሥራ አምስት ቴምብር ይደረድርላችኋል እንበል። ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ፤ በመካከላቸው አልጋ ወራሽ ተፈሪና ንግሥት ዘውዲቱ። ዓይን ሥዕሉ ላይ መቅረቱ አይገርምም። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ቀለማቸውም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አይመስልም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ላይቆይም ይችላልና።

ሥዕል በመጀመሪያው ህትመትና በዳግም ህትመቱ (ከጊዜ በኋላ እንደገና በታተመው) ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቀር ነገር ነው። ስለዚህ በሥዕል የሚለይ ሰው የሚለየው ቀጭኔን ከዝሆን ብቻ ነው። የሚለያዩት ሙጫው፣ ወረቀቱ፣ የዳሩ ጥርስ፣ የቀለሙ አቀማመጥ፣ በላዩ የተደረበው ጽሑፍ (ቴምብሩ ከታተመ በኋላ የተመታበት ቃል) እና የፖስታ ቤቱ ማህተም ናቸው። በዚሁ ቅደም ተከተል እዩ፤ ሥዕሉን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ካታሎጎችም የሚጠቀሙት በእሱ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጫፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ ወረንጦ (ሹሉ ወረንጦ ወረቀት ይበሳል)፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ሚሊ ሜትር በጥራት የሚያሳይ ማስመሪያ፣ ጥቁር ካርቶን፣ የብር ኖት መፈተሻው ሐምራዊ መብራት፣ እንዲሁም ትናንሽ ፖስታዎችና እርሳስ። በጣት አትንኩ፤ የእጅ ወዝ በሙጫው ላይ አሻራ ይተዋል፣ አሻራው ደግሞ አይለቅም። ብርሃኑ የመስኮት ይሁን። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ቀለም እንደ ራሱ ይታያል። በቢጫ አምፖል ስር ሮዝ ብርቱካናማ ይመስላል፣ ሰማያዊም አረንጓዴ ይሆናል።

የአውሬዎቹ ቴምብሮች፣ 1919

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ስብስቡ 15 ነው፤ በግርሽ አንድ ስምንተኛ (⅛) ይጀምርና (ግርሽ የጠገራ ብር ዝርዝር ነው) እስከ 10 ጠገራ ብር ይደርሳል። ባለ 6 ግርሹ ላይ ያለው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚያውቁት ሕንጻ ስለሆነ የአዲስ አበባ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። ስብስቡ ከጊዜ በኋላ እንደገና ታትሟል፣ ዳግም ህትመቱም እንደ ልብ ይገኛል።

ቴምብሩን በወረንጦ ይዛችሁ ገልብጡት፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ ጋደም አድርጉት። የመጀመሪያው ህትመት ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ይንሸራተትበታል። የዳግም ህትመቱ ሙጫ ቡናማ ነው፣ በሰያፍም ተሰነጣጥቋል። ስንጥቆቹ ውሃ የጠማው የጭቃ መሬት ላይ እንደሚታዩት ዝርክርክ አይደሉም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ አጋድለው የተጋደሙ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ከፊት በኩል ምንም ምልክት የላቸውም። ለዚህ ነው በመስታወት ፍሬም ውስጥ የተጣበቀ ስብስብ ሳይወጣ መግዛት የሌለባችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ሙጫ የሌለው ቴምብር ነው። ሙጫው ታጥቦ ከሆነ ዋናው ማስረጃ አብሮ ሄዷል፤ ስለዚህ እውነተኛ መሆኑ በሌላ መንገድ እስኪረጋገጥ ድረስ ዋጋውን በዳግም ህትመት ልክ አስቡት። ሁለተኛው «ስህተት ያለበት ነውና ብርቅ ነው» ተብሎ የሚቀርበው ነው። ከዳግም ህትመቶቹ ውስጥ ጥርስ የሌላቸውም፣ በአንዳንዶቹ ዋጋዎች ላይ የመሃሉ ሥዕል የተገለበጠባቸውም አሉ። የተገለበጠ ሥዕል ስታዩ ልባችሁ ከመምታቱ በፊት ጀርባውን እዩ። ቡናማና ስንጥቅጥቅ ከሆነ፣ መገልበጡ በዋጋው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ማህተም መኖሩም ለብቻው ማረጋገጫ አይሆንም። ጥጉ ላይ በንጽሕና የተመታ ማህተም እያለው ጀርባው ሙሉ ሙጫ ከሆነ፣ ያ ቴምብር ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ አያውቅም፤ ለሽያጭ ተብሎ የተመታ ነው። ዳግም ህትመቶቹም እንዲህ ተመተው ይገኛሉ።

ጥርስ መቁጠር

የቴምብር ጥርስ የሚለካው በ2 ሳንቲሜትር ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ብዛት ነው። ሁለት ቁጥር ከተጻፈ የመጀመሪያው የላይኛውና የታችኛው ዳር፣ ሁለተኛው የጎንና የጎን ነው። የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች 14 በ13½ ናቸው። የ1909ዎቹና የ1919ዎቹ 11½ ናቸው፤ ጥርሳቸው ሰፋ ሰፋ ያለ ስለሆነ ከተለማመዳችሁ ሳትለኩም ይታወቃችኋል።

ለጥርስ የሚሠራ መለኪያ ካርድ ከሌላችሁ ማስመሪያ ይበቃል። ቴምብሩን ጥቁር ካርቶን ላይ አስቀምጡና ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ሌላው ጥርስ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኩ፣ በመካከሉ ያሉትን ቀዳዳዎችም ቁጠሩ። የቀዳዳውን ብዛት በ20 አባዙና በሚሊ ሜትሩ አካፍሉ። በ18.5 ሚሊ ሜትር ውስጥ 13 ቀዳዳ ካለ 260 ለ18.5 ሲካፈል 14.05 ይመጣል፤ ጥርሱ 14 ነው ማለት ነው። በ1 ሳንቲሜትር ቆጥሮ ሁለት እጥፍ ማድረግ ግን ይቅርባችሁ፤ የግማሽ ቀዳዳ ስህተት ሙሉ ይሆንና 13½ን ከ14 መለየት አይቻልም። አራቱንም ዳር ለኩ። አንዱ ዳር ከቀሩት በጣም ቀጥ ብሎ ጥርሱ ካጠረ በመቀስ ተስተካክሏል።

የምኒልክ ቴምብሮችና የተደረበው ጽሑፍ

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው በ1894 እና 95 ሥራ ላይ የዋሉ ናቸው፤ ቅርጹን ያዘጋጀው ኤዥን ሙሾን ነው። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሽ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል አላቸው፤ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ ደግሞ አንበሳ። ባዶዎቹ፣ ማለትም ምንም ያልተደረበባቸው፣ ብዙ ስለሆኑ ዋጋቸው አያስደነግጥም። ዋጋ የሚመጣው በላያቸው በተመታው ጽሑፍ ነው፦ በ1901 በላቲን ፊደል «ኢትዮጲ»፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በኋላም መልእክት የሚለው ቃል፣ በ1906 «ምኒልክ»፣ በ1907 «ዳግማዊ»። የመጀመሪያዎቹ በእጅ ማህተም የተመቱ ናቸው።

የአስመሳዩ ሥራ የሚቀለው ለዚህ ነው። ቴምብሩ ራሱ እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ በላዩ የተመታው ብቻ ነው። ስለዚህ እስካሁን ያልናቸው የሙጫ፣ የወረቀትና የጥርስ ፈተናዎችን ሁሉ ያልፋል። ፈተናው ወደ ቀለሙ መሄድ አለበት።

ያገለገለ ቴምብር ከሆነ፣ የተደረበው ጽሑፍና የፖስታ ቤቱ ማህተም የሚሻገሩበትን ቦታ ፈልጉ። ጽሑፉ ቴምብሩ ከመሸጡ በፊት የተመታ ስለሆነ ከማህተሙ ስር መሆን አለበት። ጽሑፉ ከማህተሙ በላይ ከተቀመጠ፣ ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ የተጨመረ ነው፣ ነገሩም አልቋል። ነገር ግን ዓይን እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ጥቁር ቀለም ከሐምራዊ ቀለም ስርም ቢሆን ከላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ መብራቱን ከጎን አምጥታችሁ በ10 እጥፍ ማጉያ ቢያንስ ሦስት መሻገሪያ እዩ፣ የቀለሙን ጥቁረት ሳይሆን የትኛው መስመር ሳይቋረጥ እንደሚያልፍ ተከተሉ።

ቀጥሎ ቀኑን አንብቡ። በ1901 የተመታ ጽሑፍ ያለበት ቴምብር የ1899 ማህተም ሊኖረው አይችልም።

እኛ ከውጭ ሰብሳቢዎች የምንበልጥበት አንድ ነገር ፊደሉን ማንበባችን ነው። የ«ቦ» እግር፣ የ«ል» አንገት ከቦታው ውጭ ከሆነ ቶሎ ይታየናል፤ ፊደል የማያነብ ሰው የቀረጸው ማህተም የዚህ ዓይነት እንከን አለው። ሆኖም የፊደል ግድፈት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በእውነተኞቹም ላይ የተገለበጠ፣ ሁለት ጊዜ የተመታ ወይም ፊደል የጎደለው አለ። የምንፈልገው ቅርጹ ከታወቀ እውነተኛ ምት ጋር መግጠሙን ነው፤ ለዚህም የሁለቱን ፎቶ በአንድ መጠን አድርጎ ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም የቃል ገለጻ ይሻላል። በቸርችል ጎዳናው ዋና ፖስታ ቤት ግቢ ያለው የፖስታ ሙዚየም ለዓይን ማሠልጠኛ ጥሩ ቦታ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ የእውነተኞቹን ቀለም አይታችሁ ተመለሱ።

የ1930 እና የ1931 ቀለም

ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን የወጡት ሰባት ቴምብሮችና ቀጥሎ በ1931 የወጡት (ራስ መኰንን፣ እቴጌ መነን፣ የአዋሽ ድልድይ፣ የምኒልክ ሐውልት ያሉባቸው) ዳግም ህትመት አላቸው። በእነዚህ ላይ የሚያጋልጠው ሙጫው ሳይሆን ቀለሙ ነው። ቴምብሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በዓይን ደረጃ ከፍ አድርጉት፣ ብርሃኑንም በላዩ አንሸራቱ። የመጀመሪያው ህትመት ቀለም ደብዛዛ ነው፤ በማጉያ ሲታይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ፍርፍር ይላል። የዳግም ህትመቱ ወፈር ብሎ ያብረቀርቃል። የዘውዱ ዳግም ህትመቶች ቀለማቸው ወደ ቢጫ ያደላል። የ1931ዎቹ ደግሞ ወረቀታቸው ከዋናዎቹ ይልቅ ስስና ነጭ ነው። ስሱን በጣት አትፈትኑት፤ ሁለት ቴምብር ጎን ለጎን ጥቁር ካርቶን ላይ ብታስቀምጡ ጥቁሩን ይበልጥ የሚያሳልፈው ስሱ ነው።

የብር መፈተሻው መብራት እዚህ ይረዳል። ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል በስፋት የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የታተመ ነው የተባለ ወረቀት በሐምራዊው መብራት ስር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ጠርጥሩ። ግን በዱቄት ሳሙና የታጠበ እውነተኛ ቴምብርም እንዲሁ ያበራል፣ ሳሙናው ያንኑ ማንጫ ስላለው። አለማብራቱም እውነተኛነቱን አያረጋግጥም።

ከ1942 በኋላ

ከነጻነት ማግስት የወጡት የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸው ትናንሽ ቴምብሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ የወጡት ሦስቱ (4፣ 10 እና 20 ሳንቲም) «ሳንቲም» የሚለውን የላቲን ቃል በትንሽ ፊደል ጽፈዋል፤ ቀጣዮቹ በትልልቅ ፊደል። ሌላ ልዩነት መፈለግ አያስፈልግም፣ ቃሉን አንብቡ።

በእነዚሁ ላይ በ1943 የሐውልት መታሰቢያ ጽሑፍ ተደርቦባቸዋል፤ ሐውልቱ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ የቆመው ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈው ቀን ኅዳር ሳይሆን የፈረንጆቹ ኖቬምበር 3 ነው። ቀኑ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ነው፤ ዘውድ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጅ ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ላይ ይውላል። ጥቅምት 23 ቀን 1936 ዓ.ም. ግን ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ወደ ኖቬምበር 3 ተሻገረ። ቀኑ አንድ ስለዘለለ ብቻ «ሐሰተኛ ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

ከ1947 ጀምሮ በወጡት ባለ መልክዓ ምድር ቴምብሮች ወረቀት ውስጥ ኮከብና የአማርኛ ፊደላት ተሰውረው አሉ። ቴምብሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስቀምጡና ሁለት ጠብታ የላይተር ቤንዚን አፍሱበት፤ ምልክቱ ጠቆር ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ይወጣል። የመኪና ቤንዚን ግን ቅባት ትቶ ያበላሻል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳትም አይኑር።

ማጠብና ማስቀመጥ

ወረቀት ላይ የተለጠፈ ቴምብር ለብ ባለ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይላቀቃል። አትላጡት። ሐምራዊ የእጅ ማህተም ወይም ቀይ ቀለም ያለበትን ግን ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ቀለሙ ይፈሳል፣ ዋጋውም አብሮት። ከድሮ ፖስታ ላይም ቴምብር አታንሱ። ሙሉው ፖስታ ከነማህተሙ ከቴምብሩ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የታጠበውን በነጭ ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርቁ፣ በጋዜጣ አይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም ይጋባል።

የአዲስ አበባ ክረምት የሙጫ ጠላት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ አልበሙን አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ተጋድሞ ሌላ መጽሐፍ ከተጫነው ሙጫው እርጥበት ስቦ ከገጹ ጋር ይጣበቃል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ቴምብር ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ የወጣበት ዓመት፣ ጥርሱ፣ የሙጫው ዓይነት፣ የተደረበው ጽሑፍ፣ የማህተሙ ከተማና ቀን። ቴምብሩን የምትጨምሩት ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፤ ውስጡ ቴምብር እያለ በላዩ ከተጻፈ የእርሳሱ ጫና በወረቀቱ ላይ ይቀራል።