የፋሲካ ጠጅ ሰፈፍና ጧፍ

የእህቴ ልጅ ሻማ እቤት ሠርቶ መሸጥ ያዋጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፓራፊን በኪሎ ገዝታ፣ ሽቶ ጨምራ፣ በብርጭቆ ልታፈስስ አስባለች። አያዋጣም አልኳት። ፓራፊን የነዳጅ ተረፈ ምርት ነው፤ ፋብሪካ በቶን የሚገዛውን አንቺ ከቸርቻሪ በኪሎ ትገዣለሽ፤ የምድጃውና የጉልበትሽ ሲታከልበት ከሱቁ ሻማ ይወደዳል። የሚያዋጣው ለፋሲካ ጠጅ ስንጥል ገፍፈን ከምንደፋው ሰፈፍ ሰሙን አውጥቶ ጧፍ መሥራት ነው።

ጠጅ የምትጥሉ ታውቁታላችሁ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ሰሙ ከሞቱት ንቦችና ከጉድፉ ጋር ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጌሾው ከመግባቱ በፊት ይገፈፋል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከ6 ኪሎ ያልተጣራ ማር ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ንጹሕ ሰም አወጣሁ። የተጣራ ማር የምትገዙ አትድከሙ፤ ሰሙ ቀድሞ ወጥቶለታል።

ሰፈፉን ጣፋጭነቱ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። ከዚያ በአቡጀዲ ከረጢት አስሩትና ውኃ በያዘ አሮጌ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ በዝግታ አሙቁት። ብረት ድስትና መዳብ ሰሙን ያጠቁሩታል። ሲቀልጥ ከረጢቱን ከውኃው ሳታወጡ በእንጨት እየተጫናችሁ ጭመቁት፤ ከዚያ ከረጢቱን አውጡ፣ ድስቱን ክደኑና እስከ ጠዋት አትንኩት። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጉድፉ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። ጠዋት ሰሙ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ፋቁ። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ እደግመዋለሁ።

እጣቢውን ግቢ ድፉት። በመጀመሪያው ዓመት ሞቅ እንዳለ በወጥ ቤት ገንዳ ደፍቼው ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ተደፈነ። ለቧንቧ ሠራተኛው የከፈልኩት የአምስት ዓመት ጧፍ ይገዛልኝ ነበር።

ክሩ የጥጥ ፈትል ይሁን፤ ናይሎን ይቀልጣል እንጂ ሰም አይስብም። ውፍረቱን ጧፍ እየሠራችሁ ትለምዱታላችሁ። እኔ የእጅ ፈትል አራት አድርጌ እገምደዋለሁ። የንብ ሰም ከፓራፊን ስለሚወፍር ቀጭን ክር አይበቃውም፤ ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ክሩ ሲበዛ ደግሞ ይጨሳል።

ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ረጅም የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩና ቆርቆሮውን ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሙት። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የፈላ ውኃ ከበቂ በላይ ነው። ምናልባት እሳት ቢይዘው ውኃ አትድፉበት፤ እየፈነዳ ይረጫል። ምድጃውን አጥፉና ክደኑት።

የመጀመሪያው ንክር ረጅም ነው፤ ከክሩ የሚወጣው የአየር አረፋ እስኪያቆም ድረስ። አውጥታችሁ ሳይደርቅ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ወጥሩት፤ እዚህ ላይ ካልቀና ኋላ አይቀናም። ከዚያ በኋላ ግን ነክሮ ወዲያው ማውጣት ነው፤ ከቆየ አዲሱ ሰም የቀድሞውን አቅልጦ ይወስደዋል። የእህቴን ልጅ ያስቸገራት ይህ ነበር፤ አሥር ጊዜ ነክራ ጧፏ እንደ ስፌት ክር ቀጥኖ ቀረ። የቆርቆሮው ዳር መርጋት ሲጀምር ሰሙ ለመንከር ደርሷል ማለት ነው። በየመሐሉ ሁለት ደቂቃ ስቀሉት። ስምንት ጊዜ ያህል ከነከራችሁ በኋላ ለብ እንዳለ በለስላሳ ጣውላ ላይ በመዳፋችሁ አንከባልሉት፤ እብጠቱ ይጠፋል። ግማሽ ኪሎ ከማይሞላው ሰሜ ወደ 30 ጧፍ ወጣልኝ።

ስትለኩሱት ከተንጣጣ ውኃ ቀርቶበታል፤ ሰሙን እንደገና አቅልጡ። ሰም ከገበያ ከገዛችሁ ደግሞ ትንሽ ለኩሳችሁ አጥፉና ጭሱን አሽትቱ፤ የጥብስ ሽታ ካለው ሞራ ገብቶበታል። ቆይቶ ነጭ አቧራ ቢለብስ ሻጋታ አይደለም፤ በጨርቅ ጥረጉት።

በትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስትይዙት ከሥሩ ክብ ካርቶን አስገቡበት። ነጠላ ላይ ከተንጠባጠበ አትሹት፤ ይርጋ፣ በጥፍር ፋቁት፣ የቀረውን ከላይና ከታች ወረቀት አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት።