ስፖርት ቱሪንግ ሞተርን ለረጅም መንገድ ማሰናዳት

ስፖርት ቱሪንግ ሞተር፣ ማለትም ለፍጥነትም ለረጅም ጉዞም የተሠራ ሞተርሳይክል፣ ለብቻ ሲነዱት ሌላ፣ ሳጥኖቹ ሞልተው ሰው ሲፈናጠጥበት ሌላ ነው። መንገድ ላይ ከሚያስቸግሩት ነገሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ሞተሩ ለአንድ ሰው እንደተስተካከለ ተጭኖ ስለሚወጣ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ። የሞተሩ መመሪያ ላይ ከሰፈረው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ላይ፣ ሞተሩ ነዳጅና ዘይት ሞልቶ የሚመዝነውን ይቀንሱ። የሚቀረው ብዙ ጊዜ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ነጂው ከነትጥቁ 90፣ ተፈናጣጩ 70፣ ሦስቱ ሳጥኖች ባዷቸውን 15 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ለልብስና ለመፍቻ የሚተርፈው 25 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል።

ከባድ ዕቃ በጎን ሳጥኖቹ ውስጥ ከታች፣ ወደ ሞተሩ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ግራና ቀኙም ይመጣጠን። የኋላውን ሳጥን ለዝናብ ልብስና ለቀላል ነገር ይተዉት። ከኋላ ጎማ መሃል አልፎ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሲከብድ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ በፍጥነት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከጀመረ መሪውን አጥብቀው አይጨብጡት፣ ፍሬንም አይርገጡ፤ ታንከሩን በጉልበትዎ ጨምቀው ነዳጁን ቀስ እያሉ ይቀንሱ።

ቀጥሎ የኋላ አሞርዛተር። ጎማው መሬት ሳይነካ ከጎማው መሃል ቡሎን ጀምሮ በቀጥታ ከላዩ እስካለው የጭራው አካል ድረስ ይለኩ። ከዚያ ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከወረደ ሞላውን ያጥብቁት። ጭራው ሲወርድ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ስለሚያበራ፣ እሱንም አብረው ዝቅ ያድርጉት።

ካቴና ያለው ሞተር ከሆነ ጊዜ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የካቴናው ልል መጠን (ከታች መሃሉን በጣት ሲገፉት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው) የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ ላይ ተለጥፏል፤ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ነው። በጎን መቆሚያ ይለካ ወይስ በመሃል መቆሚያ የሚለውንም እዚያው ያንብቡ፣ ውጤቱ አንድ አይደለምና። ጎማውን እያዞሩ ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ይፈልጉና እዚያ ይለኩ፤ ካቴና እኩል አያልቅም። የኋላው ክፍል በጭነት ሲወርድ ካቴናው በሚዞርባቸው በፊቱና በኋላው ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ቆሞ ሲታይ ልክ የሚመስል ጠባብ ካቴና ጉድጓድ ላይ ሲደርስ እንደ ክራር ጅማት ይወጠርና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላዋል። ትንሽ ልል መሆኑ ከመጥበቁ ይሻላል። የጎማውን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ሲጠብቅ መጠኑ ይለወጣልና። ከኋላው ጥርስ ጀርባ ካቴናውን በጣት ሲስቡት የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል፤ ረጅም መንገድ አይሄዱበትም።

ካቴናውን በየ500 እስከ 800 ኪሎሜትር፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን ቅባት ይቀቡት። የሚቀባው ማታ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው፤ ጠዋት ቀብተው ወዲያው ከተነሱ ቅባቱ ቸርኬው ላይ ይረጫል። እንደ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 እና ቢኤምደብልዩ አር 1250 አርቲ ያሉት በካቴና ፋንታ ዘንግ ስላላቸው ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ የመጨረሻውን ማርሽ ዘይት በጊዜው መቀየርና እንዳያፈስ ማየት ይበቃል።

የጎማ አየር ጠዋት፣ ሳይነዳ ይለካል። ለብዙዎቹ ከነጭነቱ የፊቱ 36፣ የኋላው 42 ፒኤስአይ ነው፤ የእርስዎን ግን ከመለያው ያረጋግጡ። ነድተው ሲለኩ ቁጥሩ ከፍ ቢል አየር አይቀንሱ፣ ሙቀቱ ነው። የተመረተበትን ጊዜ ከጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች ያገኙታል፦ 2322 ማለት የ2022 23ኛው ሳምንት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ብዙ የሄደ ጎማ መሃሉ ይደለደልና መታጠፊያ ላይ ሞተሩ በድንገት የሚወድቅ ይመስላል።

እነዚህ ሞተሮች ካላማዳሪ ስለሌላቸው ቀዳዳውን በመድፈኛ ጎማ መንገድ ዳር መድፈን ይቻላል። ሚስማሩ አየሩን ቀስ እያለ ብቻ የሚያስተነፍስ ከሆነ ለመቆም አመቺ ቦታ እስኪያገኙ አይንቀሉት። ነቅለው ቀዳዳውን በክብ ሞረዱ ያጽዱ፣ ማጣበቂያ የተቀባውን መድፈኛ ያስገቡ፣ የተረፈውን 3 ሚሊሜትር ትተው ይቁረጡ። የጎማው ጎን ላይ ያለ ቀዳዳ አይደፈንም። ለአየር በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይያዙ፤ የ16 ግራም የጋዝ ጥይት (በታመቀ ጋዝ የተሞላ ትንሽ ቆርቆሮ) አንዱ ሰፊውን የኋላ ጎማ ለመሙላት በፍጹም አይበቃም። የተደፈነ ጎማ ቀስ ተብሎ ይነዳል፣ ቶሎም ይቀየራል።

ሞተር ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ዘይት ሊበላ ይችላል። አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ቀጥ አድርገው አቁመው ይዩት፤ ግማሽ ሊትር ትርፍ ይያዙ።

ለራስዎ የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ፤ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ጩኸት ጆሮ ይጎዳል፣ ድካሙም ከዚያ ይመጣል። የእጅዎ አንጓ ቀጥ እንዲል የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹን ያስተካክሉ። ነዳጅ በ100 ኪሎሜትር 6 ሊትር የሚፈጅ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ሞተር በስሌት 330 ቢያስኬድም በ250 ይሙሉ፤ የፊት ነፋስና ጭነት ስሌቱን ያሳጥሩታል።