ብሮውዘሩ ተቀየረ፣ ችግሩ ግን ያው ነው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ኔትወርኩ ነው» ይለኛል። ኔትወርኩ ያስቸግራል፣ እሱስ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ይገኛል።

የትኛውም ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ አልከፍት ሲል

በ2017 ክረምት አንድ መምህር ከደጀን መጡ። ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ብሮውዘር፣ ክሮም፣ እምቢ ሲላቸው ፋየርፎክስን፣ ቀጥለው ብሬቭን በፍላሽ አስገልብጠው ጭነዋል። ሦስቱም ላይ ያው ማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው። ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን አየሁት፤ ዓመቱ 2017 ይላል።

«መምህር፣ ይችን ማን ሞላት?»

«እኔው ነኝ። 2025 ትል ነበር፤ ተሳስታለች ብዬ አስተካከልኳት።»

ለኮምፒውተሩ ይህ ማለት 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ገና ያልደረሰ ከመሰለው ብሮውዘሩ በሩን ይዘጋል። የቱንም ብሮውዘር ብታመጡ ቀኑን የሚያየው ከዚያው ኮምፒውተር ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሰዓቱ ራሱ እንዲስተካከል አድርጉ። የሰዓት ክልል ሲጠይቃችሁ የዊንዶውስ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን አታገኙም፤ ናይሮቢን ምረጡ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ተመልሶ የሚበላሽ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ብላችሁ ግዙና ቀይሯት።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን እባካችሁ ገፍታችሁ አትግቡ። በተለይ የባንክ ገጽ ከሆነ።

ማስታወቂያ ማገጃው በድንገት ሲጠፋ

ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ የነበራችሁ ሰዎች ይህ ደርሶባችኋል። እናንተ ያበላሻችሁት ነገር የለም። ጎግል ማኒፌስት 2 በሚባለው አሠራር የተሠሩ ኤክስቴንሽኖችን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ስላቆመ ነው። ክሮምን አልተውም ካላችሁ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትን ጫኑ። እኔ ግን ፋየርፎክስን እመርጣለሁ፤ ሙሉው ዩብሎክ እዚያ ይሠራል፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ጭምር።

በሞባይል ፓኬጅ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። የዩብሎክ ኦሪጅን ሴቲንግ ውስጥ ከ50 ኪሎባይት የሚበልጥ ምስልና ቪዲዮ እንዳይወርድ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን አብሩት። ጽሑፉ ቶሎ ይመጣል፣ ፓኬጁም ይበረክታል። አንድን ምስል ማየት ስትፈልጉ ቦታውን ነካ ታደርጉታላችሁ።

ጎግል ብላችሁ ሌላ መፈለጊያ ሲከፈት

ይህ ብዙ ጊዜ የኤክስቴንሽን ሥራ ነው። ፒዲኤፍ ቀያሪ ወይም ቪዲዮ አውራጅ ብላችሁ የጫናችሁትን አስታውሱ። ሁሉንም አጥፏቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራችሁ እዩ። ችግሩ የተመለሰበትን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከነጭራሹ አስወግዱት። ሲጫኑ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለህን መረጃ ላንብብ፣ ልቀይር» የሚሉትን ፈቃድ አንብቡ። ማስታወቂያ ማገጃ ይህን ቢጠይቅ ሥራው ስለሆነ ነው። ካልኩሌተር ከጠየቀ ግን ምን ሊያደርግበት ነው?

አዲሱ ክሮም አልጫንም ሲል

ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ላይ ናችሁ ማለት ነው። ለእነሱ የመጨረሻው ክሮም 109 ነበር፤ በፈረንጆቹ ከ2023 ፌብሩዋሪ ወዲህ የወጡት ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋሉ። ማሽኑ አቅም ካለው ዊንዶውሱን አስቀይሩ፣ ከሌለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ይሞከርበት። ፋይላችሁን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።