«ስልካችሁ ሁልጊዜ ተይዟል» ሲሏችሁ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም እንሸጣለን። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ቤታቸውን የሚያጠናቅቁ፣ ወይም ወደ ገላን በኩል ግቢ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሳይደውሉ አይመጡም። ሁለት ታክሲ ለውጦ፣ በክረምት ጭቃ ረግጦ መጥቶ «አልቋል» መባል ከባድ ነውና።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጡ። «ልጄ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ስደውል ነው፤ ሁልጊዜ ተይዟል ይለኛል» አሉኝ። የፈለጉት አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ነበር፤ የቀረን ጭነት ግን እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ለሌላ ሰው ወጥቷል። ግንበኛና የቀን ሠራተኛ ቀጥረው ግቢያቸው ውስጥ አቁመዋል፤ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም የቀኑን ይከፍላሉ። በዚያ ሳምንት ስልካችንን ከሥሩ መረመርኩት። ያገኘሁትን እዚህ አስቀምጫለሁ፤ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት ወይም የጋዝ ማከፋፈያ ላላችሁም ይጠቅማል።

ምልክት፦ ደንበኛው «ተይዟል» ይላል፤ እናንተ ስልክ ላይ ግን ያመለጠ ጥሪ የለም

እኛን ለረጅም ጊዜ ያታለለን ይህ ነው። ማታ ማታ ያመለጡ ጥሪዎችን አይተን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስናገኝ «ዛሬ ደህና ነበር» እንል ነበር።

መንስኤው ኮል ዌይቲንግ (በንግግር ላይ እያላችሁ ሁለተኛ ጥሪ ሲመጣ የሚያሰማችሁ አገልግሎት) መጥፋቱ ነው። እሱ ከጠፋ፣ በንግግር ላይ እያላችሁ የሚደውል ሰው ተይዟል ተብሎ ይመለሳል፤ የእናንተ ስልክ ላይ ምንም ምልክት ሳይተው። ያጣችሁትን ደንበኛ ማጣታችሁን እንኳ አታውቁም።

*#43# ብላችሁ ብትደውሉ መብራቱን ወይም መጥፋቱን ይነግራችኋል። ከጠፋ *43# ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ደዋይ ጆሯችሁ ላይ ቲን ቲን ይላል፤ ባታነሱትም ቁጥሩ ይቀራል። ለማን መልሳችሁ እንደምትደውሉ የምታውቁት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ሁለተኛው ጥሪ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ሰው «አንዴ» ብላችሁ አትተዉት። ዋጋ እየጻፈ ያለን ሰው መሀል ላይ ማቋረጥ ሁለቱንም ያስቀይማል። ያዛችሁትን ጨርሱ፣ ወዲያው ለሁለተኛው መልሳችሁ ደውሉ።

ምልክት፦ ሁለት ቁጥር አለን፤ አንዱ ሲያዝ ሌላውም «ማግኘት አልቻልንም» ይላል

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሱቅ በር ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ አንድ በ09 የሚጀምር የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንድ በ07 የሚጀምር። የእኛም እንደዚያ ነው። ሁለቱ ሲም ግን የተቀመጡት አንድ ስልክ ውስጥ ነበር።

ሁለት ሲም የሚይዙ አብዛኞቹ ስልኮች ሁለቱንም ሲም የሚጠብቁት ሥራ ሲፈቱ ብቻ ነው። በአንዱ መነጋገር ስትጀምሩ ሁለተኛው ከኔትወርክ ይወጣል። የሚደውልበት ሰው ስልኩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ይህ ከ«ተይዟል» ይብሳል። ተይዟል የተባለ ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሞክራል፤ ዝግ ነው የተባለ ግን «ዛሬ አልከፈቱም» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። በር ላይ ሁለት ቁጥር ጽፈን የነበረን መስመር አንድ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ለመፈተሽ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በአንዱ ሲም ከሆነ ሰው ጋር እያወራችሁ ሌላ ሰው በሁለተኛው ቁጥር ይደውል። ካልጠራ ይኸው ነው።

መፍትሄው ርካሽ ነው፦ ሁለተኛውን ሲም አውጥታችሁ ለብቻው ስልክ ስጡት። ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልክ ትበቃለች፤ ባትሪዋም ቀናት ትቆያለች። ለጊዜው ሌላ ስልክ ከሌለ፣ በዚያ ሲም **62*የረዳታችሁ ቁጥር# ብላችሁ ደውሉ። ሲሙ ከኔትወርክ በወጣ ቁጥር ጥሪው ወደ ረዳታችሁ ስልክ ዳይቨርት ይሆናል። ከእናንተ ወደ ረዳቱ ያለውን መንገድ የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ ሲሙ ላይ ሂሳብ ወይም ፓኬጅ አይጥፋ።

ምልክት፦ መስመሩ በእርግጥ ሁለት ሆኗል፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ግን አሁንም አይገኝም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሦስተኛ ስልክ እንግዛ» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጥሪው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ።

ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሂሳብ ሊቅ በኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ሲሠራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር አለ፤ የስልክ መስመር ብዛት እስከ ዛሬ በእሱ ይሰላል። በእኛ ቁጥር ላስቀምጠው። በአንድ ሰዓት 20 ሰው ይደውላል፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ያወራል እንበል። ድምሩ 60 ደቂቃ ስለሆነ አንድ መስመር ልክ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም፤ ሰው ተራ ይዞ አይደውልም፣ አንዴ ይደራረባል አንዴ ይጠፋል። በአንድ መስመር ከ20ው 10 ሰው ተይዟል ይባላል። በሁለት መስመር 4። በሦስት መስመር 1 ያህል።

አሁን ጥሪውን ከ3 ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል አሳጥሩት። በሁለት መስመር የሚመለሰው ሰው ከ4 ወደ አንድ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሦስተኛ ስልክና ሦስተኛ ሠራተኛ ሊሰጣችሁ የሚችለውን አብዛኛውን ያለ ወጪ አገኛችሁት ማለት ነው። የተመለሰው ሰው ደጋግሞ ስለሚደውል የእውነተኛው ጠዋት ከዚህ ስሌት ይከፋል፤ አቅጣጫው ግን አይቀየርም።

ታዲያ ደቂቃው የት ይሄዳል? ለሦስት ቀን በደብተር ጻፍኩ፤ የእኛ በአራት ቦታ ይፈስ ነበር።

የመጀመሪያው ዋጋ ፍለጋ ነው። «ባለ 12 ፌሮ ስንት ገባ?» ስባል ወደ ውስጥ ጮኼ ጠይቄ፣ መልስ ጠብቄ እመለስ ነበር። አሁን ከመክፈታችን በፊት የዕለቱ ዋጋና ያለው ብዛት በአንድ ወረቀት ተጽፎ ስልኩ አጠገብ ይለጠፋል፤ ያው ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ይወጣል። ለዋጋ ብቻ የሚደውለው ሰው እያደር ቻናሉን ማየት ለመደ።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። በእኛ አካባቢ የቤት ቁጥር ተናግሮ ቤት ማግኘት አይቻልም። «ከውሃ ታንከሩ አልፈህ፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ ጋ ታጠፍ፣ ከዚያ ጠይቅ» ብሎ ማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበላል፤ ሾፌሩ ጠፍቶ ሲደውል ደግሞ ሌላ አምስት። አሁን ትዕዛዝ ስቀበል «ሎኬሽን በቴሌግራም ይላኩልን» እላለሁ፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው ከሆነ የሾፌሩን ቁጥር ሰጥቼ እርስ በርስ አገናኛቸዋለሁ። ሾፌሮቻችን በሽያጭ ቁጥሩ እንዳይደውሉ የተከለከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የአይሱዙው ሾፌርና ረዳቱ መስመሩን ከደንበኛ እኩል ይይዙት ነበር፤ ይህን ሳላየው መቆየቴ ይቆጨኛል።

ሦስተኛው «ብሩ ገባ?» የሚለው ነው። ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ከተለመደ ወዲህ የከፈለ ሰው ሁሉ ለማረጋገጥ ይደውላል፤ ገንዘቡ ነውና መብቱ ነው። እኛ ቀድመን «ደርሶናል፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ይጫናል» የሚል አጭር መልእክት ከላክንለት ግን አይደውልም። የክፍያ መልእክት የሚገባበትን ሲም ከሽያጭ ስልኩ ለዩት።

አራተኛው ክርክር ነው። ለትልቅ ትዕዛዝ ዋጋ መቀነስ የተለመደ ነው፤ በጠዋቱ ጥድፊያ ግን በስልክ አልከራከርም። «ዝርዝሩን በጽሑፍ ይላኩልኝ፣ የመጨረሻውን ዋጋ እስከ 5 ሰዓት እልክልዎታለሁ» እላለሁ፣ እልካለሁም።

ሰላምታውን ግን አታሳጥሩ። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው «እ፣ ምን ፈለግክ?» የሚሉ መደብሮች አሉ። «እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና?» አሥር ሰከንድ ነው፤ እሱን ቆርጦ ዋጋ ለመፈለግ ሁለት ደቂቃ ማስጠበቅ ልክ አይደለም።

ምልክት፦ «አንዴ ይጠብቁኝ» የተባለው ሰው ስልኩን ይዘጋል

በእኛ አገር የሚከፍለው የደወለው ሰው ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ሌላ ስታስተናግዱ ሂሳቡ እየተቆረጠበት የሱቃችሁን ጫጫታ ይሰማል። ካርዱ ቢያልቅበት መስመሩ ይቋረጣል፤ መልሶ የሚደውልበትም የለውም።

ለአንድ ደቂቃ ከሆነ ፈቃዱን ጠይቁና አስጠብቁ። ከዚያ ካለፈ እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ ይህን ለማጣራት አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል። ሂሳብዎ አይቆረጥ፣ እኔ ልደውልልዎ። በዚሁ ቁጥር ነው?» ከዚያ ስም፣ ቁጥር፣ የተጠየቀው ነገርና ቃል የገባሁበት ሰዓት ደብተር ላይ ይሰፍራል። ሰዓቱን ሳትጽፉ «እደውላለሁ» ከማለት አለመናገር ይሻላል። አሥር ደቂቃው ደርሶ መልሱ ባይገኝ እንኳ ደውሉና «ገና ነው፣ እስከ 6 ሰዓት» በሉ።

ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ስልክ ሲጠራስ? መጥቶ የቆመው ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ደክሞ መጥቷልና። ግን ይቅርታ ጠይቄው አነሳለሁ፣ ቁጥር ይዤ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ» ብዬ እዘጋለሁ። ዝም ብሎ ማስጮህ ሁለቱንም ያሳቅቃል።

ምልክት፦ መልሰን ስንደውል አያነሱም፣ ወይም «ገዝቻለሁ» ይላሉ

መዘግየት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሲሚንቶ የሚፈልግ ሰው ቢቆይ ግማሽ ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ያመለጡ ጥሪዎችን ማታ ሰብስቦ መመለስ ለእኛ ይመቻል፣ ለእሱ ግን ምንም አያደርግለትም። እኔ በየሰዓቱ መጨረሻ እመልሳለሁ፤ ደጋግሞ የደወለው ቅድሚያ ያገኛል፣ ቀጥሎ በቅርብ የደወሉት፣ እነሱ አሁንም እየፈለጉ ነውና። በማያውቁት ቁጥር ከደወላችሁ ብዙዎች አያነሱም፤ እነሱ በደወሉበት ቁጥር መልሱ፣ ካላነሱ የሱቁን ስም የያዘ መልእክት ላኩ።

ምልክት፦ ማንም ሳያወራበት ስልኩ ዝግ ነው ይላል

ሱቃችሁ ኮንቴነር ከሆነ ብረቱ ኔትወርክ ይቀንሳል፤ ስልኩን ወደ በሩ አውጡት። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ የኔትወርክ ማማው ባትሪም ሊደክም ይችላል። የሁለቱ ኩባንያ ሲም በሁለት ስልክ መኖሩ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊቆም ይችላል።

ምልክት፦ የበዓል ዋዜማና ሲሚንቶ በሚገባበት ቀን ሁሉም ነገር ይፈርሳል

ለእነዚህ ቀናት ሌላ ሰው መመደብ አለበት። ለአንድ ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛችን ስልክ ታግዘኛለች። በሽያጩ ስልክ **67*የእሷ ቁጥር# ስል፣ እኔ ስያዝ የሚመጣው ጥሪ ወደ እሷ ያልፋል። ኮል ዌይቲንግ በርቶ ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥሪ መጀመሪያ እኔ ጋ ይጠራል፤ ቀዩን ስጫን ነው ወደ እሷ የሚሄደው። በቀጥታ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ ለዚያ ቀን #43# ብላችሁ ኮል ዌይቲንግን አጥፉት። ሳላነሳ ስቀር እንዲያልፍ ደግሞ **61*የእሷ ቁጥር**15# ነው፤ 15ቱ የሚጠራበት ሰከንድ ነው። እሷም የዋጋ ወረቀቱ ቅጂና የራሷ ደብተር ይኑራት፤ ያለበለዚያ «ባለቤቱን ልጠይቅልዎ» እያለች ያው ወረፋ እሷ ጋ ይሠራል።

ማታ ስትዘጉ ##002# ብላችሁ ዳይቨርቱን ሁሉ አጥፉ፣ ኮል ዌይቲንጉን በ*43# መልሱ። እኛ አንድ ጊዜ ረስተነው፣ ልጅቷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ቤቷ ሆና አሸዋ የሚጭኑ የሲኖትራክ ሾፌሮችን ጥሪ ስታነሳ አንግታለች።